የሐረግ ማውጫ ሽቦ መረብ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የሽቦ መረብ በተተከለ ዕለት ቀጥ ብሎ ያምራል። የሚፈተነው ሐረጉ ከላይ እስከ ታች ሲያለብሰው ነው። ባዶ መረብ ነፋስ ያሳልፋል፤ ቅጠል የሞላበት ግን እንደ ሸራ ነፋሱን ይይዛል፣ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ይከብዳል። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ይህን ሳያስቡ ባዶውን መረብ ብቻ እያዩ ከመሥራት ነው።

ቋሚው አዘነበለ

ቋሚውን በእጃችሁ ወዝውዙት። ሥሩ ላይ አፈሩ ከተከፈተ ጉድጓዱ ጥልቀት አንሶታል ማለት ነው። ከመሬት በላይ 1.80 ሜትር ለሚቆም ቋሚ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ያስፈልጋል። በዘነበለበት በኩል ድንጋይ ብትወትፉለት ተመልሶ መዝመሙ አይቀርም፤ ነቅላችሁ እንደገና ትከሉት። ከታች ጠጠር አድርጉ፣ በቱንቢ ወይም በውሃ ልክ አቁሙት፣ ኮንክሪት ሙሉበት። የኮንክሪቱን አፍ ውሃ እንዳይቋጥር ወደ ውጭ አዘቅዝቁት፤ የእንጨት ቋሚ የሚበሰብሰው ልክ መሬቱን በሚነካበት ቦታ ነውና።

ሁለቱ የጫፍ ቋሚዎች ወደ ውስጥ ከተጠጋጉ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የተወጠረው ሽቦ ጎትቷቸዋል። እኔ ኮንክሪቱ በተሞላ በማግስቱ ሽቦውን ወጥሬ ሁለቱም ዓይኔ እያየ ተሳሳቡብኝ። አንድ ሳምንት ጠብቁ። ለጫፍ ቋሚዎች ደግሞ ከመረቡ በኩል ወደ ውጭ የሚገፋ ሰያፍ ድጋፍ ስጧቸው።

መረቡ ሆዱን ነፋ

ቋሚዎቹ ቀጥ ብለው መረቡ ብቻ ከረገበ፣ ወይ ርቀታቸው ከ2 ሜትር በልጧል፣ ወይ መረቡ የሚንጠለጠልበት ወፍራም ሽቦ የለም። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች 3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘርግታችሁ በማወጠሪያ ብሎን ወጥሩ፣ ከዚያ መረቡን በየ30 ሳንቲ ሜትሩ እሰሩበት።

ዛገ

ዝገቱ የሚጀምረው ከተቆረጠው ጫፍ ነው፤ ፒንሳው ዚንኩን አልፎ ብረቱን ገልጦታል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉና ዚንክ ያለው ቀለም ቀቡት።

ሐረጉ አልወጣ አለ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማዳበሪያ ይጨምራል። ማዳበሪያው ለመውጣት አይረዳውም፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተክሉ በምን ይይዛል የሚለው ነው። አተር፣ ወይንና ፓሽን ፍሩት ክር የሚመስሉ ቀጫጭን እጆች አሏቸው። የአተሩን እጅ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ቀጭን ሽቦ ሲነካ ይጠቀለልበታል፣ ወፍራም ቧንቧ ላይ ግን አንዴ እንኳ መዞር ያቅተዋል። አደንጓሬ ግንዱን ራሱን ይጠመጥማል፤ ስለዚህ ቁም ሽቦ ይፈልጋል። ጽጌረዳና ቦገንቪሊያ ደግሞ በራሳቸው አይጠመጠሙም፤ ካላሰራችኋቸው ይወድቃሉ። ስታስሩ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ገመድ በ8 ቁጥር ቅርጽ በሽቦውና በግንዱ መሃል አስተላልፉ፤ ግንዱ ሲወፍር መተንፈሻ ያገኛል።

ከላይ ጫካ፣ ከታች ራቁት

የቅርንጫፉ ጫፍ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከሥሩ ያሉትን እምቡጦች ያፍናቸዋል። ለጋውን ቅርንጫፍ ሳይደርቅ ወደ ጎን አጋድማችሁ እሰሩት፤ ከየአንጓው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። እንጨት ከሆነ በኋላ ማጠፍ መስበር ነው፤ ያኔ መግረዝ ይሻላል።

ቅጠሉ ነጭ ዱቄት ለበሰ፣ ሥሩም ደረቀ

መረቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ አየር አይዞርም። ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ተክሉንም ከግድግዳው ሥር ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ትከሉ፤ እዚያ ያለው አፈር ዝናብ ስለማያገኘው ቶሎ ይደርቃል።

ሽቦው ግንዱን በላው

የዶሮ ሽቦ ተጠቅማችኋል። ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ያለፈበት ቅርንጫፍ ሲወፍር ይታነቃል። ግንዱን አትጎትቱ፤ ሽቦውን ዙሪያውን ቆርጣችሁ አውጡለት። ለሚቀጥለው ጊዜ የሰው እጅ የሚያስገባ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው መረብ ምረጡ።