ኮምፖዘሮቹ ሃያ ሳይሞላቸው በጻፉት ሙዚቃ ኮንሰርት ማዘጋጀት፣ ለአማተር ኳየሮች

ሙዚቃ እንጀራችን ያልሆነ፣ ከስራ ወጥተን ደክሞን እየመጣን በሳምንት አንዴ የምንዘምር ሰዎች ኮንሰርት ሲደርስ ምን እናቅርብ የሚለው ሁሌ ያጨቃጭቀናል፣ እና በጣም የምወደውን አንድ መንገድ ልንገራችሁ፣ ፕሮግራሙን በሙሉ ኮምፖዘሮቹ ገና ልጆች እያሉ ከጻፉት ብቻ መስራት። የልጅ ስራ ስለሆነ ይቀላል ብላችሁ ግን እንዳትገቡበት። ጥቅሙ ሌላ ነው፣ እኔ የምጠራላችሁ አጫጭር ናቸው፣ ትልቅ ኦርኬስትራ አይጠይቁም፣ ደሞ ሰሚው "ይሄን 15 ዓመቱ ላይ ነው የጻፈው" ሲባል አሰማሙ ራሱ ይቀየራል።

የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። መክፈቻ ሞዛርት በ1765 ለንደን እያለ በ9 ዓመቱ የጻፈው "ጎድ ኢዝ አወር ሬፊውጅ"፣ ገና ጀመረ ስትሉ ያልቃል። ቀጥሎ ራይንበርገር በ1855 የጻፈው "አቤንትሊት"፣ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ከዛ ብሪተን በ1930 በ16 ዓመቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ታሞ ተኝቶ የጻፈው "ሂም ቱ ዘ ቨርጂን"፣ ከሱ ፎሬ በ19 ዓመቱ ፓሪስ ተማሪ እያለ ሽልማት ያገኘበት "ካንቲክ ደ ዣን ራሲን"። አራቱ ተደምረው ሩብ ሰዓት ቢሆኑ ነው። ከእረፍት በኋላ የሹበርት "ሚሳ ኢን ጂ" ብቻ (ሚሳ የካቶሊክ ቅዳሴ ሙዚቃ ነው)፣ እሱ 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከዚ በላይ አትጨምሩ፣ ያልሰለጠነ ድምፅ መጨረሻ ላይ ይደክምና የለፋችሁበት ሁሉ እዛ ይበላሻል።

ከመወሰናችሁ በፊት ቴነሮቻችሁን፣ ማለትም ከፍ ያለ ድምፅ ያላቸውን ወንዶች፣ ቁጠሩ። አቤንትሊት ስድስት ፓርት (ስድስት የድምፅ መስመር) ነው፣ ሶፕራኖውም (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) ቴነሩም ለሁለት ይከፈላል። እኛ ሶስት ቴነር ይዘን ገባንበትና ብቻውን የቀረው ልጅ በሶስተኛው ልምምድ ድምፁ ተዘጋ፣ በኋላ ድምፃቸው ወፈር ያለ ሁለት አልቶዎች (ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚዘምሩ ሴቶች) ሁለተኛ ቴነሩን ሲያግዙት ነው የተስተካከለው። ግጥሙ ከሉቃስ 24 ነው፣ የኤማሁስ መንገደኞች ሊመሽ ሲል "ከእኛ ጋር እደር" ያሉት፣ ጀርመንኛውን ከማስጠናታችሁ በፊት ቦታውን በአማርኛ አንብቡላቸው፣ አዘማመራቸው ወዲያው ይለወጣል።

ኖታ ፍለጋ ብዙ አትድከሙ፣ የሞዛርት፣ የሹበርት፣ የራይንበርገርና የፎሬ መብታቸው ስላለቀ ሲፒዲኤል እና አይኤምኤስኤልፒ የሚባሉት የኖታ ድረ ገጾች ላይ ፒዲኤፉ በነፃ አለ። ብሪተን ግን የሞተው በ1976 ስለሆነ ኮፒራይቱ በብዙ አገር አላበቃም፣ በዘማሪው ቁጥር ግዙ እንጂ ፎቶኮፒ አታንሱ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጆሮ። ብዙዎቻችን በትዝታ ነው ያደግነው፣ ትዝታ ሜጀር ደሞ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ፋ እና ሲ የሉበትም፣ ስለዚ ኳየሩ ቃናውን የሚስተው ሁልጊዜ እነዚ ሁለቱ ላይ ነው፣ ፋ ወደ ላይ ይሸሻል ሲ ደሞ ወደ ታች ይንሸራተታል። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ሚ-ፋ-ሚ፣ ዶ-ሲ-ዶ በ"ኑ" ቀስ ብላችሁ አዘምሯቸው፣ ፒያኖው ዝም ይበል፣ ሲጨርሱ ብቻ ዶን ንኩትና የት እንደቀሩ ራሳቸው ይስሙት። ለአንድ ወር ሳታቋርጡ አድርጉት በእውነት ለውጡን ታዩታላችሁ።

ፎሬ ላይ ቤዞች (ወፍራሙ የወንድ ድምፅ) ብቻቸውን ነው የሚጀምሩት፣ ሌላው ድምፅ ከነሱ በላይ እየተደራረበ ይመጣል፣ ስለዚ ዘፈኑ የሚቆመው በነሱ ላይ ነውና በመጀመሪያው ሳምንት እነሱን ለብቻ ያዙ። ፈረንሳይኛው ላይ "ኖትር ዩኒክ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ከንፈርን ለፉጨት እንደሚደረገው አሹሎ "ኢ" ማለት ነው፣ ያ ድምፅ ይመጣል። ትንፋሽ የሚወሰድበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ በአንድ ፓርት ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ እንዳይተነፍሱ ደሞ ተከፋፈሉት።

ሹበርት ያን ሚሳ በማርች 1815 ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ነው የጻፈው፣ 18 ዓመቱ ነበር፣ ቀን ቀን አባቱ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆኖ ይሰራ ነበር፣ እንደኛው ከስራ የተረፈችውን ሰዓት ነው የተጠቀመባት እና ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ የጻፈው ለስትሪንግና ለኦርጋን ስለሆነ ጥቂት ቫዮሊንና አንድ ጥሩ ኪቦርድ ይበቃል። "ኪርዬ ኤሌይሶን"ን አታስጠኑ፣ በሰሙነ ሕማማት ኪርያላይሶን ሲባል የሰማ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፣ አፉን ብቻ አስተካክሉለት። "ቤኔዲክቱስ" ከኳየሩ ተለይተው የሚዘምሩ የሶስት ሶሎዎች ነው፣ ምቱ 6/8 ስለሆነ ለችክችካ የለመደ ትከሻ መነቅነቅ ይጀምራል፣ እየተንሳፈፈ እንዲሄድ በሉ። "ክሬዶ"፣ ማለትም ጸሎተ ሃይማኖቱ፣ ኳየሩ ከዳር እስከ ዳር ሳያርፍ የሚዘምርበት ነው፣ ከባዱ እሱ ነው፣ መጀመሪያውን በጣም ለስለስ አድርጉትና ጉልበታችሁን አስቀምጡ። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ደሞ "በአንዲት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን" የሚለው ጎድሏል ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ኖታው አልተሳሳተም፣ ሹበርት በላቲን ሚሳዎቹ ሁሉ ያቺን ሐረግ ዘሏታል።

ፕሮግራም ወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ ስራ ጎን ዕድሜውን በትልቁ ጻፉ፣ በቂ ነው፣ ረጅም ንግግር አያስፈልግም።

ብሪተን ሁለት ኳየር ነው የሚፈልገው፣ ትልቁ እንግሊዝኛውን ሲል ትንሹ በላቲን ይመልሳል፣ ለትንሹ አራት ጎበዞች መርጣችሁ ከአዳራሹ ኋላ አቁሟቸው። ይሄን እዛው አዳራሽ ውስጥ ሞክሩት፣ ከፊት ያለው ድምፅ እነሱ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ሰምተው ከተከተሉ ይቀራሉ፣ የኮንዳክተሩን እጅ ብቻ ይዩ።