ክብደት አስቀንሳለሁ ብላችሁ ግሩፕ የምትከፍቱ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ልጅ ኢንቦክስ አድርጎ «ግሩፕ ከፈትኩ፣ 60 ሰው ገባ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ዝም አሉ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ገብቼ አየሁት። ገና ፒን ያደረገውን ሳነብ ገባኝ፣ የስም ዝርዝር፣ ከስሙ ጎን ኪሎ፣ ከኪሎው ጎን ቀይና አረንጓዴ ምልክት። ኧረ በአላህ! ይሄን ነገር ስንቴ ልናገር?

እኔም አድርጌዋለሁ፣ ለዛ ነው የሚያበግነኝ። 2015 ላይ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ አርባ የሚሆኑ ልጆች ሰብስቤ ስጀምር ሰኞ ሰኞ ደረጃ እለጥፍ ነበር፣ አንደኛ እገሌ 2 ኪሎ ቀንሷል፣ መጨረሻ እገሊት 1 ጨምራለች። ውድድር ያነቃቸዋል ብዬ እኮ ነው። አንደኞቹን አነቃቸው፣ እነሱ ግን ያለኔም የሚቀንሱ ነበሩ። መጨረሻ የወጣችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፣ «አብሽሪ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትበልጫቸዋለሽ» ብዬ ከነስሟ ግሩፕ ላይ ጻፍኩላት፣ ማበረታታቴ ነው እንግዲህ። በነጋታው ወጣች። ከወራት በኋላ ሸዋ በር ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋትና «የሰፈሬ ልጆች እዛ ግሩፕ ውስጥ አሉ እኮ» ብቻ አለችኝ። ደሴ ነው ይሄ፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ስትሄድ ሁለት ሰው ካገኘህ አንዱ የአክስትህ ልጅ ነው። ኪሎ በግል ይላክ። ግሩፕ ላይ የሚለጠፈው የተሰራው ስራ ነው፣ ስንት ቀን ተራመድክ፣ ሻይህን ያለ ስኳር ጠጣህ ወይ፣ በቃ። ስራው በእጁ ነው፣ የሚዛኑ ቁጥር ግን ሁልጊዜ በእጁ አይደለም። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲቃረብ ሰውነቷ ውሃ ይይዛል፣ ጨው የበዛበት የበላ ሰው በነጋታው ሚዛን ላይ ጨምሮ ይገኛል፣ እና ሳምንቱን ሙሉ በደንብ የሰራችን ልጅ ቀይ ምልክት ልትለጥፍባት ነው? የጠፋን ሰው ደግሞ «እገሌ ሰነፍክ እንዴ» ብሎ ሰው ፊት መጥራት ያው ነው። በግል «ደህና ነህ?» በለው፣ ኪሎ አታንሳበት።

ሚዛን ካነሳን አይቀር፣ አንዱ ልጅ ኮምቦልቻ ተመዝኖ በሳምንቱ ደሴ ሲመዘን 3 ኪሎ ጨምሮ አብዶ ደወለልኝ። ለካ ደሴ ላይ የተመዘነው መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ጋር ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ጫማውን እንዳደረገ፣ የደሴን ብርድ ፈርቶ የደረበው ጃኬት ሳይወልቅ። አንድ ሚዛን፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ምንም ሳይቀመስ። ሚዛን የሌለው ወገቡን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካ።

«በወር 10 ኪሎ» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ደህና ቅነሳ የሚባለው በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 2 እና 3 የሚወርድላቸው አሉ፣ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ሰውነት ያስቀመጠው ስኳር ሲያልቅ አብሮት የነበረው ውሃም ይወጣል። ቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው በሦስተኛው ሳምንት «ቆመብኝ» ብለው ይጠፋሉ።

ከቲክቶክ የተገለበጠ የምግብ ፕሮግራምስ? ሳልመን፣ ብሮኮሊ፣ ምናምን። የ22 ዓመት ልጅ እኮ እዚህ ከተማ ከቤተሰቡ ጋር ነው የሚኖረው፣ የሚበላው እናቱ ከሰሩት ነው፣ ስለዚህ እናትየውን ያላሰበ ፕሮግራም ፕሮግራም አይደለም። አንዷ እናት ደውለው «አንተ ልጅ፣ ልጄን በሽተኛ አስመሰልክብኝ» ብለውኛል። እኔም «እማማ፣ አትብላ አላልኳትም፣ ወጡ ላይ ዘይት ይቀንሱልኝ፣ ጎመንና ምስሩን ያብዙላት፣ እንጀራውን እሷ ትተወዋለች» አልኳቸው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ እንደሆነም አስረዳኋቸው። ወላሂ አሁን ዘይቱን በማንኪያ የሚለኩት እሳቸው ናቸው፣ ልጅቷ ናት የተማረረችው።

በ2017 ረመዳንና ዐቢይ ጾም ባንድ ሰሞን ሲገጥሙ አንድ የማውቀው አሰልጣኝ «ጠዋት 1 ሰዓት ሁለት እንቁላል» የሚል ፖስት አደረገ። ወሎ ውስጥ! ግማሹ ሰሁር በልቶ ተኝቷል፣ ግማሹ እንቁላል አይነካም። ከመለጠፋችሁ በፊት ማን ምን እንደሚጾም ጠይቁ፣ የቪዲዮ ትምህርቱን ደግሞ አሳጥሩት፣ ሰው የኢንተርኔት ፓኬጁን ለናንተ አይጨርስም።

ጫት ስለሚያፍሩበት ማንም አያነሳውም፣ እናንተም አታነሱትም። ጫቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሰው እሱን አይቶ ያከሳል ይላል፣ ግን አብሮ የሚወርደው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ነው፣ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፣ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ብላችሁ አስቡት። ከዛ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ሌሊት ፍሪጅ ይከፈታል። ሳትፈርዱ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

የእርምጃ ውድድርም አታድርጉ። ደሴ ዳገት ነው፣ ኮምቦልቻ ሜዳና ሙቀት፣ 8 ሺህ እርምጃ ሁለቱ ጋር አንድ አይደለም። ደግሞ አንድ ባለባጃጅ በየቀኑ 14 ሺህ እየላከ ሁለት ሳምንት አንደኛ ወጣ፣ እኔም ጀግና ብዬ አጨበጨብኩለት፣ ለካ ኮብልስቶኑ ሲያንገጫግጨው ስልኩ እርምጃ ብሎ እየቆጠረለት ነው።

የማያስፈልገው ሰው ልቀንስ ሲላችሁ እምቢ በሉ። በልቶ የሚያስመልስ ካለ ወይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ካለ ሐኪም ጋ ይሂድ። «ማክሻ ሻይ» የምትሸጡት ጋር አላወራም።

የመጨረሻው ስህተት፣ ሁሉን ነገር በኢንተርኔት ብቻ ማድረግ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ላይ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ ግሩፔ ባንድ ቀን ሞተ፣ የማንንም ስልክ አልያዝኩም ነበር፣ ዩዘርኔም ብቻ። እንደምንም አፈላልጌ ያገኘኋቸውን ከአንድ ሰፈር የሆኑትን ጥንድ ጥንድ አደረግኳቸው፣ ጠዋት አንዱ ሚስኮል ያደርጋል፣ ሌላው ከመለሰለት ወጥተው ይራመዳሉ። የሆጤ ሰፈሮቹ ሁለቱ እስካሁን በሚስኮል ነው የሚገናኙት። ዳታ ከተመለሰ በኋላ ግሩፑን ሚውት እንዳደረጉት በቅርቡ ነው የሰማሁት።