የሴቶቻችንን በደል ለምክር ቤት ማቅረብ፦ ለሐረርና ለድሬዳዋ የሴቶች አፎቻዎች፣ ዕድሮችና ማኅበራት

ምክር ቤት የአንዲትን ሴት ክስ አይቶ አይፈርድም። የዳኝነት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ለፍርድ ቤቶች ብቻ የተሰጠ በመሆኑ፣ «ባለቤቷ ደበደባት፣ ፖሊስም ዝም አለ» የሚል ማመልከቻ ስታስገቡ ብዙውን ጊዜ «ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አቅርቡ» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ምክር ቤት የሚችለው፣ ግዴታውም የሆነው፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጤና ተቋምና የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሥራቸውን እንዴት እንደሠሩ አስፈጻሚውን ጠርቶ መጠየቅ ነው። ስለዚህ የአንዲትን ሴት፣ በተለይም ከአናሳ ማኅበረሰብ የመጣችን ሴት ሕመም አንድ ኃላፊ በቁጥርና በቀን ሊመልሰው ወደሚገደድ ጥያቄ መለወጥ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ይህ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

በቅድሚያ «አናሳ» የምንላት ሴት ማን እንደሆነች መስማማት ይኖርብናል። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ መሠረት በሐረሪ ክልል ሐረሪዎች ከነዋሪው 9 ከመቶ አይሞሉም፤ አርጎባዎች ደግሞ ከ1 ከመቶ ጥቂት ከፍ ይላሉ። ይሁን እንጂ በቢሮ ጠረጴዛ ፊት አናሳነት በቆጠራ ብቻ አይለካም። በድሬዳዋ ኦሮሞዎች ከሁሉም ብሔረሰቦች ብዙ ቁጥር ያላቸው ቢሆኑም፣ ከገጠር ቀበሌ ወርዳ በአማርኛ ብቻ ቃል በሚቀበል ጠረጴዛ ፊት የቆመች የኦሮሞ እናት በዚያች ሰዓት ብቻዋን ናት። እናትና አባቷ ሸክላ ሠሪ ወይም ቆዳ ፋቂ በመሆናቸው ሰዎች ከቤቷ ውኃ ለመጠጣት የሚጸየፏት ሴትም በየትኛውም የቆጠራ ሠንጠረዥ ውስጥ አትታይም። ማመልከቻችሁ የትኞቹን ሴቶች እንደሚመለከት በመጀመሪያው አንቀጽ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ኃላፊው ስለ ሴቶች በጥቅሉ የተዘጋጀ ሪፖርት አንብቦ ይወጣል።

ጥያቄ ከምን እንደሚወለድ ለማሳየት አንድ ያየሁትን ልጻፍ። ሶማሊኛ ብቻ የምትናገር አንዲት ወጣት ሴት ስለ ደረሰባት ጥቃት ቃሏን ልትሰጥ አንድ ፖሊስ ጣቢያ በቀረበች ጊዜ አጅቤያት ሄጄ ነበር። አስተርጓሚ ስላልነበረ፣ በር ላይ ሻይ የሚሸጥ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ተጠራ። እርሷ አንገቷን ደፍታ ረዘም ላለ ጊዜ ስትናገር ልጁ ፊቱ ቀላና «ተጣልተዋል ነው የምትለው» አለ፤ መርማሪውም እንደዚያው ጻፈ። ልጁ አልዋሸም፤ የሰማውን ቃል በትልልቅ ሰዎች ፊት ሊናገረው አፍሮ ነበር። ከሳምንት በኋላ ቋንቋዋን የምትችል አንዲት ጠና ያለች ሴት ይዘን ስንመለስ ቃሏን ለመቀበል አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። የመጀመሪያው ቃል ሰባት መስመር ነበር፤ ሁለተኛው ሦስት ገጽ ሆነ። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም ስለ ነበሩ፣ ተከላካዩ በኋላ «ቃሏን ቀያይራለች» ብሎ ተከራከረበት።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅን መብት የሚሰጠው ለተከሰሰው ሰው ነው። በዚያ አንቀጽ ውስጥ ስለ ተበዳይዋ የተጻፈ ነገር የለም፤ ፖሊስ ጣቢያም አልተጠቀሰም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የአስፈጻሚው በጀትና መመሪያ ነው። አገራችን በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1082 ያጸደቀችው የአፍሪካ ሴቶች መብት ፕሮቶኮልም በአንቀጽ 8 ሴቶች ፍትሕ የማግኘት ዕድላቸው እንዲረጋገጥና ሕግ አስከባሪ አካላት ለዚሁ እንዲዘጋጁ መንግሥትን ያስገድዳል። ምክር ቤት «በዚህ ዓመት ለአስተርጓሚ የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ መልሱ ዜሮ ከሆነም ዜሮ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። በእኔ ግምት ከአሥር የምሬት ደብዳቤዎች ይልቅ ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ በር ትከፍታለች።

ወደ ምክር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግን የተጎዳችው ሴት ራሷ እርዳታ ማግኘት አለባት። ሕክምና፣ የሐኪም ማስረጃና የፖሊስ ቃል ጊዜ የሚጠብቁ አይደሉም፤ የምክር ቤቱ ሥራ ወራት ይፈጃልና የእርሷን ጉዳይ ከእርሱ ጋር አታስሩት። ጥቃቱን የፈጸመው ወይም በዝምታ ያለፈው የመንግሥት አካል ከሆነ፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አቤቱታው በጽሑፍ ወይም በቃል ሊሆን ይችላል፣ ክፍያ የለውም፣ ሦስተኛ ወገንም ስለ እርሷ ሊያቀርበው ይችላል። እዚህ ላይ በቅደም ተከተሉ ተጠንቀቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኮሚሽኑ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 210 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ በክልል ምክር ቤቶች ወይም በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ኮሚሽኑ ከሚመረምራቸው ጉዳዮች ውጪ አድርጎታል። በመሆኑም የግለሰቧን ጉዳይ ለኮሚሽኑ፣ በብዙ ሴቶች ላይ የሚደጋገመውን አሠራር ደግሞ ለምክር ቤቱ ለይታችሁ አቅርቡ፤ ሁለቱን በአንድ ወረቀት አትጻፏቸው።

መረጃ በምትሰበስቡበት ጊዜ ከሁሉም በላይ ሊያስጨንቃችሁ የሚገባው የሴቶቹ ደኅንነት ነው። «ስም አልጻፍንም» ማለት ብቻውን አይበቃም። «በኮረሚ የምትኖር፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ስፌት በመስፋት የምትተዳደር አርጎባ ሴት» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ በዚያች ትንሽ መንደር ስሟን በትልቅ ፊደል እንደ ጻፋችሁት ቁጠሩት። ለምክር ቤቱ በሚገባው ወረቀት ላይ መንደሩን በወረዳ፣ ዕድሜዋን በዕድሜ ክፍል (ለምሳሌ «ከ18 እስከ 30») ተኩት፤ ሥራዋን ግን ፈጽሞ አትጻፉ። ለእያንዳንዷ ሴት መለያ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያያይዘውን ወረቀት አንዲት የታመነች ሴት ብቻ ትያዘው። ፈቃዷን ስትጠይቁም «ለመንግሥት እንናገርልሽ?» ብላችሁ አታድበስብሱ፤ ወረቀቱን ማን እንደሚያነበው፣ ማን ሊሰማ እንደሚችል፣ ምን ሊለወጥ እንደሚችልና ምን እንደማይለወጥ በቋንቋዋ ንገሯት። እምቢ ካለች እምቢታዋ ይከበር።

ለዚህ ሥራ ከአፎቻ፣ ማለትም እንደ ዕድር ካለው የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር፣ የተሻለ ቦታ በሐረር ያለ አይመስለኝም። በሰርግና በኀዘን አብረው የሚቀመጡ ሴቶች በጽሕፈት ቤት የማይነገረውን ይነጋገራሉ። በድሬዳዋም የዕድር ሴቶች እንደዚሁ ናቸው። ነገር ግን አፎቻው ወይም ዕድሩ ራሱ የአንድ ማኅበረሰብ ብቻ ከሆነ፣ ከእናንተ ወገን ያልሆነችውን ሴት የሚያውቁ ሴቶችን በስብሰባው ጨምሩ፤ አለበለዚያ የራሳችሁን ችግር ብቻ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ማመልከቻው ለየትኛው ምክር ቤት እንደሚገባ ሐረርና ድሬዳዋ ይለያያሉ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ናቸው። ክልሉ የራሱ ፖሊስና ፍርድ ቤቶች ስላሉት፣ ስለ እነርሱ አሠራር የሚነሣው ጥያቄ በዚያው ይጠየቃል። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። በመሆኑም ስለ ከተማዋ ፖሊስና ስለ አስተዳደሩ ቢሮዎች ለአስተዳደሩ ምክር ቤት ትጽፋላችሁ፤ በከተማዋ የሚያስችሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ስላለባቸው የበጀትና የአስተርጓሚ እጥረት ግን ጥያቄው ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። የቤተሰብ ሕግን በተመለከተም በድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ከሐረሪ ክልልም ከድሬዳዋም ሁለት ሁለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ስለሚመረጡ፣ ግልባጩን ለእነርሱም ስጡ። አባላቱ ለዕረፍት ወደ መራጮቻቸው በሚመጡበት ጊዜ ፊት ለፊት ማግኘት ከደብዳቤ ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄው አጻጻፍ። አንድ ማመልከቻ ከሦስት ጥያቄ በላይ አይያዝ፤ እያንዳንዱም አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ጊዜና አንድ ሊቆጠር የሚችል ነገር ይኑረው። «በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ትኩረት ይሰጠው» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ትኩረት ተሰጥቶታል» በሚል ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ሲመለስ አይቻለሁና እባካችሁ አትጻፉት። በእርሱ ፈንታ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ካለፈው ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በከተማው ፖሊስ ጣቢያዎች በጾታዊ ጥቃት ቃላቸውን ከሰጡ ሴቶች መካከል ስንቶቹ በአስተርጓሚ ሰጡ? አስተርጓሚዎቹ ከየት ተገኙ፣ ስንቶቹስ ሴቶች ናቸው? ቋሚ ኮሚቴው ይህን ከፖሊስ ኮሚሽን በጽሑፍ እንዲጠይቅልን፣ መልሱም በሚቀጥለው የሥራ ክንውን ሪፖርት እንዲካተት እናመለክታለን።»

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ዕርቅ ቢሆን እመክራለሁ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ክሱ በሽማግሌ የሚዘጋ አይደለም። የሆነው ሆኖ የሁለት ማኅበረሰቦች ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ልጅቱ ሳትጠየቅ ነገሩ «አለቀ» ሲባል ሁላችንም እናውቃለን። ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነ ማኅበረሰብ የመጣች ልጅ ስትሆን ደግሞ «ከጎረቤት ጋር አታጣሉን» የሚለው ጫና ከራሷ ቤተሰብ ይነሣል። ሽማግሌዎቹን ማዋረድ አያስፈልግም፤ በሐረርጌ ብዙ ጠብ በእነርሱ ሽምግልና ደም ሳይፈስበት አልፏል። ጥያቄው ለዐቃቤ ሕግ ነው፤ «ምስክር አልቀረበም» ተብለው የተዘጉ የአስገድዶ መድፈር መዝገቦች ስንት ናቸው፣ መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊትስ ተበዳይዋን ለብቻዋ ያነጋገራት አለ? በተመሳሳይ መንገድ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ እንደሆነ ስለሚናገር፣ የሴቲቱ ፈቃድ በምን መልክ እንደሚረጋገጥ መጠየቅ ይቻላል።

ማመልከቻውን ለአፈ ጉባኤው፣ ግልባጩን የሴቶችን ጉዳይ ለያዘው ቋሚ ኮሚቴ አድርጉ። በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ወደ መዝገብ ቤት ሂዱ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳይደረግበት አትውጡ። ገቢ ቁጥር የሌለው ወረቀት እንዳልገባ ይቆጠራል። ጊዜውንም ምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የስድስት ወሩ ክንውን ታኅሣሥ ላይ ይዘጋል፤ ቋሚ ኮሚቴው መሥሪያ ቤቶችን ከመጥራቱ በፊት፣ ማለትም ታኅሣሥ ሳያልቅ፣ ጥያቄያችሁ በእጁ ይግባ። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ከሆነ ደግሞ የቀጣዩ ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊት፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት መድረስ አለበት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ሐምሌ ላይ የላካችሁት ደብዳቤ ክረምቱን ሙሉ ይተኛል።

ኮሚቴው ለመስክ ምልከታ ሲወጣ ወደ የትኛው ጣቢያ ቢሄድ እንደሚሻል ጻፉለት። አባላቱ ከተበዳዮች ጋር እንነጋገር ካሉ፣ ንግግሩ በጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ኃላፊው በሚሰማበት ቦታ እንዳይሆን ጠይቁ፤ አስተርጓሚዋንም እናንተ አቅርቡ። ለሰው ቤት በሠራተኝነት የምትኖር ሴት ካለች፣ ከስብሰባው ስትመለስ አሠሪዋ በሩን ቢዘጋባት የት እንደምታድር ሳትወስኑ አታስመስክሯት።

የኃላፊው መልስ በተነበበበት ቀን የቃለ ጉባኤውን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፤ «እናስተካክላለን» ያለበትን ቀን ከሥሩ አስምራችሁ፣ ከዘጠኝ ወሩ ሪፖርት በፊት «በዚህ ቀን ቃል የተገባው ምን ደረሰ?» የሚል አንድ ገጽ አስገቡ። ገቢ ቁጥሩ ያለበት ቅጂ፣ ቃለ ጉባኤውና መልሱ በአፎቻው ወይም በዕድሩ ሣጥን ይቀመጡ፤ የሴቶቹ ስም ያለበት ወረቀት ግን ወደዚያ ሣጥን ፈጽሞ አይግባ።