ጎንደር ውስጥ የግንባታ ፈቃድ እንዴት ይወጣል? ከፕላኑ በፊት ወሰኑን አስለኩ

ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ፕላን ነው። ሳሎኑ ስንት በስንት ይሁን? ደረጃው ከውስጥ ነው ከውጭ? በረንዳው ወዴት ይዙር? እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ባለን የቤተሰብ ይዞታ ላይ ጂ+1 ለመሥራት ስነሳ፣ ፕላኑ በእጄ ሲገባ ግማሹ ሥራ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ያንን ፕላን እንዳለ ጥዬ እንደ አዲስ አሠራሁት። ወሰኑን ሳላስለካ ስለጀመርኩ ነው። ስለዚህ እዚህ የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚሄድበት ትንሽ ይለያል።

መጀመሪያ ምድባችሁን እወቁ

እኔ ፈቃድ ያወጣሁት በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነው። አዋጁ ከ10,000 ነዋሪ በላይ ባላቸው ከተሞች ላይ ይሠራ ነበር። ጎንደርማ ከዚያ በብዙ ታልፋለች። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላቸው ነበር። ምድብ ሀ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤት ነበር። ምድብ ሐ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማንኛውም ሕንፃ ነበር። በመካከል ያለው ምድብ ለ ነበር፤ የእኔ ጂ+1 የገባው እዚያ ነው። ምድቡ የሚያስፈልጋችሁን ባለሙያና የፕላን ዓይነት ይወስናል። ሕግና መመሪያ ስለሚሻሻል፣ በምትሄዱበት ቀን የሚሠራበትን ዝርዝር ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ መስኮት ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ። ከጎረቤት የሰማችሁት የዛሬ አምስት ዓመት አሠራር ሊሆን ይችላል።

ወሰኑ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። እኔ የወደቅሁት እዚህ ነው።

ግቢያችን ድሮ አባቴ በባሕር ዛፍ ያጠረው ነው። ስለ አጥሩ ተጠራጥሬ አላውቅም። በሜትር ከአጥር እስከ አጥር ለካሁና ቁጥሩን ለአርክቴክቱ ሰጠሁት። እሱም በሰጠሁት ልክ ሠራ። በጎረቤታችን በኩል ያለው ግድግዳ የሁለት መኝታ ቤት መስኮት ስላለው ከአጥሩ 2 ሜትር አራቅነው። እኛ የተነገረን መስኮት ያለው ግድግዳ ከአዋሳኝ በዚያ ልክ መራቅ እንዳለበት ነበር። ስትራክቸሩ (የምሰሶና የአግዳሚ ስሌቱ) ተሠራ፣ ኤሌክትሪክና ሳኒተሪው (የውሃና የፍሳሽ ፕላኑ) ተሠራ፣ ፋይሉ ገባ።

ከዚያ ቀያሽ መጣ። ካርታው ላይ ያሉትን ማዕዘኖች በመሣሪያ አወጣና ችካል መታ። በጎረቤት በኩል ችካሉ ያረፈው ከአጥራችን ወደ ውስጥ 1 ሜትር ከ40 ነው። አጥራችን የሰው መሬት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የእኔ ግድግዳ ደግሞ ከትክክለኛው ወሰን በ60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል።

ጎረቤታችን አሮጊት እናት ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው «ልጄ፣ እኔ ያን ቦታ አልጠይቅህም፤ አባትህ ሲያጥር ባለቤቴ አብሮ ጉድጓድ ቆፍሮለታል» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ግን የሁለት ጎረቤታሞች ፍቅር ካርታ አይለውጥም። ፈቃድ የሚሰጠው በካርታው ነው። ቤቱን ወደ ውስጥ ስንገፋው ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ተንቀሳቀሱ። ኮለን ሲንቀሳቀስ ቢሙም (አግዳሚውም)፣ ፋውንዴሽኑም፣ የፌሮው ስሌትም ይለወጣል። ለሁሉም ባለሙያ ሁለተኛ ከፈልኩ። ሲያልቅ ክረምቱ ገባ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁን አውጡ። የማዕዘኖቹ ቁጥሮች (ኮኦርዲኔት፣ ማለትም እያንዳንዱ ማዕዘን ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን የት እንደሆነ በሜትር የሚናገሩት) በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል። ጎንደር ከተማ ውስጥ የምሥራቁ ቁጥር ባለ 6 አሃዝ ሆኖ በ32 ወይም በ33 ይጀምራል። የሰሜኑ ባለ 7 አሃዝ ነው፤ በ138 ወይም በ139 ይጀምራል። ቁጥራችሁ ከዚህ በጣም የራቀ ከሆነ ሲጻፍ ተሳስቷልና ከሁሉ በፊት እሱን አሳርሙ።

ቁጥሩን በስልካችሁ ለመፈለግ ትፈተናላችሁ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ቤታችን ሌላ ሰፈር ወጣ። ደንግጬ ካርታው ሐሰተኛ ነው እስከማለት ደርሼ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የቆየው የካርታ መነሻ፣ ማለትም ቁጥሮቹ የሚሰሉበት መሠረት፣ አዲንዳን ይባላል። ስልክ የሚጠቀመው ደግሞ ዳብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። አንዱን ቁጥር በሌላው ላይ ካነበባችሁት ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ካርታው ላይ አዲንዳን የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አትደንግጡ። መነሻው ተስተካክሎም ቢሆን ስልክ በጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ ቤት ደግሞ የሚለካው በሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ስልኩን ተዉት፤ ቶታል ስቴሽን (የቀያሽ መለኪያ መሣሪያ) ወይም ደህና ጂፒኤስ ያለው ቀያሽ ይምጣ።

ቀያሹ ሲመጣ አዋሳኞቻችሁ በሙሉ ይኑሩ። ቡና አፍሉ፤ ቢቻል የቀበሌ ሰው ይገኝ። ችካሉ የፌሮ ቁራጭ ከሆነ በሳምንቱ ተነቅሎ ይሄዳል፤ እንጨት ከሆነ ከብት ይጥለዋል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ በአርማታ ቅበሩት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ችካል እስከ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ለኩ፤ የጎረቤት ቤት ማዕዘንና የመብራት ምሰሶ ሊሆን ይችላል። ጻፉት፣ ፎቶ አንሱት። ችካሉ ቢጠፋ በሁለቱ ርቀቶች ትመልሱታላችሁ።

ፕላን ስምምነት፣ ከዚያም ባለሙያ

ወሰኑ ከታወቀ በኋላ የካርታውን ኮፒና መታወቂያ ይዛችሁ የፕላን ስምምነት ጠይቁ። ይህ ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ከተማው የሚነግራችሁ ወረቀት ነው። ለመኖሪያ ነው ለንግድ፣ እስከ ስንት ወለል፣ ከመንገድ ስንት ሜትር፣ ወደፊት የሚሰፋ መንገድ ይነካዋል አይነካውም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ ወረቀት ያየዋል። እኔ ዛሬ ቢሆን ይህ ወረቀት በእጄ ሳይገባ ለአርክቴክት አንድ ብር አልከፍልም።

ቦታችሁ ፒያሳ አካባቢ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም የፋሲል መዋኛ ዙሪያ ከሆነ አንድ ተጨማሪ በር አለባችሁ። ፋሲል ግቢና አብረውት ያሉት ቦታዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው። ስለዚህ ከቅርስ ክልል ውስጥ ወይም አጠገብ ከሆናችሁ የባህልና ቱሪዝም ቢሮውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የከፍታውና የመልኩ ጉዳይ እዚያ ይነሳል። ስትቆፍሩም በኖራ የተያያዘ የድሮ ግንብ ቢወጣ አቁሙና አሳውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያስገድዳል። ሕጉ ባይኖርም፣ የጎንደር ልጅ ሆኖ ያንን ድንጋይ ለቤቱ መሠረት የሚሞላ ሰው ያሳዝነኛል።

ባለሙያ ስትይዙ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። የማተሚያ ቤቶች ፍላሽ ላይ ያለ ዝግጁ ፕላን አትግዙ። ለሌላ ሰው ቦታ፣ ለሌላ አፈር የተሠራ ነው። ከዚያ የሚብሰው ሌላ ሰው የሠራውን ስትራክቸር ሳያሰላ ማኅተም ብቻ የሚመታ ነው። ዋጋው ይረክሳል። ግን ማታ የምትተኙት ከዚያ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ሥር ነው።

አፈሩን ለመሐንዲሱ ቦታው ላይ አሳዩት። ጎንደር ውስጥ ዋልካ የበዛባቸው ሰፈሮች አሉ። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። ቀለል ያለ ቤት ላዩ ላይ ከተቀመጠ በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። በየቤቱ ከመስኮት ጥግ ሰያፍ ሆኖ የሚወርደው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። እኔ ሁለት የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። በአንዱ በ1 ሜትር ከ20 ጠንካራ መሬት አገኘን፤ በሌላው 2 ሜትር ከ20 ወረድን። አንድ ግቢ ውስጥ ነው ልዩነቱ። ያንን ሳያይ ፋውንዴሽን የሚሠራ መሐንዲስ በግምት ነው የሚሠራው። ምድብ ሐ የምትሠሩ ከሆነ በላቦራቶሪ የአፈር ምርመራ አሠሩ።

ፋይሉን ማስገባት

የማመልከቻ ቅጽ፣ ካርታ፣ መታወቂያ፣ የፕላን ስምምነት፣ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ፕላን፣ የባለሙያዎቹ ፈቃድ ኮፒ። በስንት ኮፒ እንደሚፈለግ ጠይቁና አንድ ትርፍ ለራሳችሁ አትሙ። ውክልና ካለ ዋናውን ያዙ። ሁሉም ወረቀት ላይ ስማችሁ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ። የካርታው «ኃይሌ» መታወቂያው ላይ «ሀይሌ» ሆኖ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ጉዳይ ገዳይ አትያዙ። ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ግን ፋይሉ ሲመለስ ምን እንደጎደለ የሚነግራችሁ በሦስተኛ ወገን ነው፤ ግማሹ ይጠፋል። ራሳችሁ ሂዱና እርማት ካለ በጽሑፍ ተቀበሉ። ፋይላችሁን የሚያየው ባለሙያ ጋር ፕላኑን ዘርግታችሁ ተነጋገሩ። እኔ ሁለተኛውን ፋይል ሳስገባ አርክቴክቱን ይዤ ሄጄ የተነሱት ሦስት ጥያቄዎች እዚያው ተመለሱ።

ጊዜውን ደግሞ አስቡበት። ሰኔ መጨረሻ የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ ቢሮው ይጨናነቃል። ዋልካ ላይ ቁፋሮ በክረምት የማይታሰብ ነው፤ ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥራል፣ ጎኑ ይናዳል። ስለዚህ የወረቀቱን ሥራ በክረምት ጨርሳችሁ ጥቅምት ላይ መቆፈር ጥሩ ነው።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላ

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አሳውቁ። የጸደቀው ፕላን አንድ ኮፒ ሁልጊዜ ሳይት ላይ ይኑር፤ በላስቲክ ጠቅልሉት። በጎረቤት ቤት ጥግ የምትቆፍሩ ከሆነ መደገፊያ ሥሩለት። የጣሪያችሁ ውሃ ወደ እናንተ ግቢ ይውረድ፤ ወደ ጎረቤት የሚለቀቅ አሸንዳ ለዓመታት ያጣላል።

ግንበኛው «ይቺን ግድግዳ ትንሽ ብንገፋት ሳሎኑ ይሰፋል» ይላችኋል። እውነት ይሰፋል። ግን በፈቃዱ ላይ ያልተጻፈ ለውጥ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው፤ በራሳችሁ ገንዘብ እንድታፈርሱ ልትታዘዙ ትችላላችሁ። ለውጥ ካስፈለገ መሐንዲሱ በወረቀት ይሥራው፣ ለሕንፃ ሹሙ (ፈቃዱን ለሚሰጠው የከተማው ኃላፊ) ይቅረብ፣ ይጽደቅ፣ ከዚያ ይገፋ።

የመሠረቱ ቁፋሮ ሲያልቅና የሶሌታው ፌሮ ታስሮ ሲያልቅ፣ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት መሐንዲሱንና ተቆጣጣሪውን ጥሩ። ቀኑን ቀድማችሁ ያዙ። ሲሚንቶና ሚክሰር አዘጋጅታችሁ በዚያው ጠዋት አትደውሉ። እኛ ሐሙስ ልንሞላ ማክሰኞ አስጠራን። አንድ ቢም ላይ ሁለት ፌሮ ጎድሎ ተገኘ። ረቡዕ ታስሮ ተጨመረ፣ ሐሙስ ጠዋት አርማታው ፈሰሰ።