ለኮሌጅ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ስትመርጡ

ደሴ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የስፖርት መምህር ነኝ። ለተማሪዎቻችን የእግር ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሲቀጠር ሦስት ጊዜ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። በመጀመሪያው ተሳስተናል። አንደበተ ርቱዕ ሰው መጣ፤ ሰሌዳው ላይ አሰላለፍ እየሣለ አፋችንን አስከፈተን፤ ቀጠርነው። በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ተከላካዮቻችን ውጤት ጎድሏቸው ከትምህርት ተሰናበቱ። አሰልጣኙ ስለ ትምህርታቸው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃቸውም፤ እኛም ስንመርጠው ይህን አልጠየቅነውም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወረቀቱን ቶሎ ጨርሱት። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአሰልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ተነስቶ በሲ እና በቢ አልፎ ወደ ኤ ይወጣል። ዋናውን እንጂ ኮፒውን አትቀበሉ።

ከዚያ ሜዳ ላይ አውጥታችሁ እዩት። 22 ተማሪዎች፣ ስድስት ኳሶችና አንድ ሰዓት ስጡት። ኳሱን አታብዙለት፤ ሥራ ሲጀምርም የሚያገኘው ይህንኑ ነው። እኔ ሰዓት ይዤ የምቆጥረው ተማሪው ተራ እየጠበቀ የሚቆምበትን ደቂቃ ነው። አንዱ ዕጩ ሁሉንም በአንድ ረድፍ አሰልፎ ተራ በተራ ግብ አስመታ፤ ልጆቹ በደሴ ብርድ ቆመው እጃቸውን ያሹ ነበር። ሌላው በጠባብ ሜዳዎች ከፋፍሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አጫወታቸው። ማሟሟቂያውንም ልብ በሉ። ፊፋ ጉዳትን ለመከላከል ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የተባለው ማሟሟቂያ 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ውድ ዕቃም አይፈልግም። ይህን የማያውቅ አሰልጣኝ የልጆቹን ጉልበት በምን ሊጠብቅ ነው?

ወሎ ውስጥ ሳይጠየቅ መታለፍ የሌለበት የጾም ጉዳይ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ማሊያ ለብሰው ይጫወታሉ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሁለቱም በየካቲት ገቡ፤ ከቡድናችን ያልጾመ ጥቂት ነበር። «በዚህ ወር ልምምዱን እንዴት ያደርጉታል?» ብለን ሁለት ዕጩዎችን ጠየቅን። አንደኛው «ጾም የግል ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈው። ሁለተኛው የተማሪዎቹን የክፍል ፕሮግራም ጠየቀን። ከባዱን ሩጫ ጾሙ ከመግባቱ በፊት እንደሚጨርስ፣ በጾሙ ወቅት ልምምዱን አሳጥሮ ወደ ኢፍጣር እንደሚያስጠጋ ነገረን፤ ልጆቹ ከሜዳ ወጥተው ሳይቆዩ ውኃ እንዲያገኙ ነው። ለእርሱ እጄን ያወጣሁት ያኔ ነው።

ኮምቦልቻ ወርዶ ስለ መጫወትም ጠይቁት። ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ብርድ የለመደ ልጅ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይዝላል። ውኃና ቅያሪን አስቀድሞ የሚያስብ መሆኑ ከመልሱ ይታወቃል።

ቀድሞ ያሰለጠናቸውንም አነጋግሩ። ኮከቡ ተጫዋች ያመሰግነዋል፤ እናንተ ግን ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ፈልጉ። «ለምን እንደማያሰልፍህ ነግሮህ ያውቃል?» በሉት። በዚህች ጥያቄ ከማመልከቻ ደብዳቤው የማይገኝ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ።

በመጨረሻ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይስፈር፦ በፈተና ሳምንት ልምምድ እንደማይኖር፣ በየወሰነ ትምህርቱ አጋማሽም አሰልጣኙ የእያንዳንዱን ተጫዋች ውጤት ከመምህራኑ ጠይቆ እንደሚያይ። ይህን ለመፈረም ካመነታ ሁለተኛ ለወጣው ዕጩ ደውሉ።