መልሳችሁ ከመጽሐፉ አይብለጥ፦ ከባድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄ ሲመጣ

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ ቅዳሜ ማታ የምመራው የጥናት ቡድን አለ። ግማሹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ግማሹ ደግሞ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ጨርሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው የሚመጡ ልጆች ናቸው። በሩ አጠገብ ክዳኑ የተቀደደ የጫማ ካርቶን አስቀምጫለሁ። ስም ሳይጻፍ ጥያቄ ይገባበታል። ጫማው ካለቀ ቆየ፤ ካርቶኑ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ጥያቄ የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው መልስ ማጣትን ነው። እኔ ያየሁት ጉዳት ግን በአብዛኛው የመጣው መልስ ከማብዛት ነው። መጽሐፉ በሁለት መስመር ያለፈውን ነገር እኛ ግማሽ ሰዓት እናብራራዋለን። ልጁ አድጎ ራሱ ሲያነብ ግማሽ ሰዓቱ ከእኛ ኪስ የወጣ መሆኑ ይገባዋል። ያኔ ሁለቱንም መስመር አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ጥናት ለምትመሩ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ ቤት ውስጥ ልጅ ለሚጠይቃችሁ ወላጆችም የምለው አንድ ነው፤ መልሳችሁ ከመጽሐፉ አይብለጥ።

መጀመሪያ ጥቅሱን አውጡ። ጠያቂው «መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ይላል» ካለ «የቱ ጋ?» በሉት። ለማፋጠጥ አይደለም፤ አብራችሁ ግለጡ። ግማሹ ጥያቄ እዚሁ ያልቃል። ሰብአ ሰገል ሦስት ነበሩ ይባላል። ማቴዎስ 2 ግን ቁጥራቸውን አይናገርም፤ ሦስት የሆነው ስጦታው ነው። አዳምና ሔዋን የበሉት ፍሬ በለስ ነው ብለን አድገናል። ዕፀ በለስ በትውፊት የኖረ ስም ነው እንጂ ዘፍጥረት 3 የፍሬውን ዓይነት አይነግረንም። የበለስ ቅጠል የሚመጣው በኋላ ነው፣ ራሳቸውን ሲሸፍኑ።

ከዚያ ከጥቅሱ በላይና በታች ያለውን አንብቡ። ሙሉ ምዕራፉን ካልሆነም ቢያንስ ንግግሩ ከተጀመረበት እስከሚያልቅበት። «ቃየን ሚስቱን ከየት አመጣት?» የሚለው ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ሳይገባ የሚያልፍ ወር የለም። ዘፍጥረት 4፥17 ሚስት እንደነበረችው ብቻ ይናገራል። ገጹን ስትገልጡ 5፥4 ላይ አዳም ወንዶችንም ሴቶችንም እንደወለደ ታገኛላችሁ። ስለዚህ እኅቱን አግብቶ ይሆናል ማለት ይቻላል። «ይሆናል» የምትለዋን ቃል ግን አትዋጧት። ከልጆቹ አንዱ ኦርቶዶክስ ከሆነ መጽሐፈ ኩፋሌ ስሟን አዋን ብሎ እኅቱ እንደነበረች ይናገራል ይላችኋል። ልክ ነው። ኩፋሌ ከኦርቶዶክስ 81ዱ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ከፕሮቴስታንት 66ቱ ውስጥ የለም። «የእናንተ ትርፍ ነው፣ የእናንተ ጎደሎ ነው» ወደሚለው ጭቅጭቅ ከገባችሁ ማታው አለቀ፣ ሻዩም ቀዘቀዘ። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። ልጆቻችን በሌላው መጽሐፍ ሲስቁ ግን ይሁዳ 14ን አስነብባቸዋለሁ፤ ሄኖክን በስሙ ጠርቶ ይጠቅሳል። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሙሉውን ተጠብቆ የደረሰን በግዕዝ ነው። ሳቁ ይቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ዘዴዬ ልምጣ። ያለፈ ዓመት ካሌንደር አለ አይደል? ጀርባውን ግድግዳ ላይ እለጥፍና ሦስት ዓምድ አሰምራለሁ። አንደኛው «መጽሐፉ ያለው»፣ ሁለተኛው «ሊቃውንት ያሉት»፣ ሦስተኛው «እኛ የሚመስለን»። ማንም ሰው መልስ ሲሰጥ የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚገባ መናገር አለበት። ቀላል ይመስላል። ሞክሩት፤ ሦስተኛው ዓምድ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞላ ታያላችሁ።

በዮሴፍ አባት ላሳያችሁ። ማቴዎስ 1፥16 ያዕቆብ ይለዋል። ሉቃስ 3፥23 ኤሊ ይለዋል። ከኢንተርኔት ክርክር የመጣ ተማሪ ይህን እንደ ቦምብ ነው የሚያፈነዳው። አንደኛው ዓምድ ላይ ሁለቱን ስም እንዳሉ ጻፉ። አታለስልሱ፤ ልዩነቱ አለ። እዚያው ዓምድ ላይ ሌላም ነገር ጨምሩ። ማቴዎስ ትውልዱን አሥራ አራት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት አድርጎ ይከፍላል። በኢዮራምና በዖዝያን መካከል ደግሞ አካዝያስን፣ ኢዮአስንና አሜስያስን ዘሎ ያልፋል። ሦስቱም ነገሥታት 1ኛ ዜና መዋዕል 3 ላይ ስላሉ ማመሳከር ትችላላችሁ። እንግዲህ ማቴዎስ የጻፈው የቀበሌ መዝገብ አይደለም፤ ሆን ብሎ ያሰናዳው የትውልድ ሐረግ ነው። ይህን ለመረዳት የእኛ አገር ሰው አይቸገርም። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚነግራችሁ ሽማግሌ የታወቀውን ጠርቶ ያልታወቀውን ሲያልፍ «ውሸታም» የሚለው የለም።

ሁለተኛው ዓምድ ላይ በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው ዩልዮስ አፍሪካኖስ አለ። ሐሳቡን አውሳብዮስ በታሪክ መጽሐፉ አቆይቶልናል። ዘዳግም 25 ላይ ወንድም ያለ ልጅ ቢሞት ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ለሟቹ ዘር እንዲያቆም ታዟል። በአፍሪካኖስ አባባል ዮሴፍ እንዲህ ዓይነት ልጅ ነው፤ አንዱ በሥጋ አባቱ፣ ሌላው በሕግ አባቱ። ሌሎች ደግሞ የሉቃስ ሐረግ የማርያም ነው ይላሉ። ሁለቱም ሐሳብ ያስኬዳል። ሁለቱንም ግን ማቴዎስም ሉቃስም አልጻፉትም። ስለዚህ አንደኛው ዓምድ ውስጥ አይገቡም። እኔ ወደ አፍሪካኖስ አደላለሁ፤ እሱን ሦስተኛው ላይ ጻፍኩት። አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ «እትዬ፣ ታዲያ አልተመለሰማ!» አለኝ። የሚቻሉትን መልሶች አይቷል፣ የትኛው ምን ያህል እንደሚጸናም አይቷል። ከዚህ በላይ ቁርጥ ያለ ነገር ብነግረው ከራሴ ነበር የሚሆነው።

ስለ ክርስቶስ አምላክነት የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ፣ አጠገቧ ማሽን ላይ የምትቀመጠው ሙስሊም ጓደኛዋ ማርቆስ 13፥32ን አንብባ ጠይቃት መጣች። ስለዚያች ቀን ልጅም ቢሆን አያውቅም፣ ከአባት በቀር ይላል። አምላክ ከሆነ እንዴት አያውቅም?

እዚህ ላይ ትልቁ ፈተና ጥቅሱን ማሳነስ ነው። «አላውቅም ሲል ሊናገር አልፈለገም ማለቱ ነው» ብሎ መሮጥ ይቀናል። ከጥንት ሊቃውንት መካከል እንዲህ የተረጎሙ አሉ፤ ያም ሁለተኛው ዓምድ ላይ ይግባ። መጀመሪያ ግን ለጓደኛዋ «አዎ፣ እንዲህ ተጽፏል» ትበላት። ቀጥሎ ያው መጽሐፍ ሌላ የሚለውን አጠገቡ ታስቀምጥ። ሉቃስ 2፥52 በጥበብ ያድግ ነበር ይላል። ዮሐንስ 4፥6 መንገድ ደክሞት ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠ ይላል። ዮሐንስ 1፥1 ደግሞ ቃል እግዚአብሔር ነበረ ይላል። ፊልጵስዩስ 2 ላይ የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን ባዶ እንዳደረገ ተጽፏል። የክርስትና ትምህርት የሚለው ይህን ሁሉ አብሮ መያዝ ነው። እነዚህን ጥቅሶች ያስተዋለ የመጀመሪያው ሰው የፌስቡክ ተከራካሪ አይደለም። የእስክንድርያው አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው ሲል፣ በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ደግሞ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው ሲወስኑ፣ ክርክሩ በእንዲህ ዓይነት ጥቅሶች ላይ ነበር። አትናቴዎስ ይህንኑ ጥቅስ አንሥቶ፣ አለማወቁ የሥጋው ነው፣ እንደ ቃል ግን ያውቃል ብሎ ጽፏል። ይህ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ የምንለውን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ነው። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ይነቃሉ፤ ክርክሩ የፈረንጅ ሳይሆን የራሳቸው ቤት ነገር ይሆንባቸዋል።

ሁለት ነገር አታድርጉ። በቁርኣን ላይ መልስ ምት አትስጡ፤ የተጠየቃችሁት ስለ ማርቆስ ነው። ኦርቶዶክሶችና ፕሮቴስታንቶች አብረው በተቀመጡበትም ማታ ስለ ተዋሕዶና ስለ ሁለት ባሕርይ የ451ዱን የኬልቄዶን ጉባኤ ጉዳይ አትክፈቱ። ራሱን የቻለ ማታ ይፈልጋል፤ ልጅቷም ሰኞ ማሽኗ ላይ ስትቀመጥ አይጠቅማትም።

ስለ ራሳችሁ የሆነ ጥያቄ ሲመጣ ለሌላ ሰው ስጡት። «ሴት ሆነሽ እንዴት ታስተምሪያለሽ? 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34ን አላነበብሽም?» የሚል ወረቀት ወጣ። የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት፤ ዝም አልኩ። እኔ በዚህ ወገንተኛ ስለሆንኩ ከወንዶቹ አንዱ እንዲመራው አደረግሁ። እሱም በዚያው ደብዳቤ 11፥5 ላይ ሴቶች ሲጸልዩና ትንቢት ሲናገሩ ራሳቸውን ይሸፍኑ እንደሚል አሳየ። ስለዚህ ምዕራፍ 14 ሴት በጉባኤ አፏን አትክፈት ማለት ብቻ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ምንድነው? ሁለተኛው ዓምድ እስከ ታች ሞላ። ሴት እንድታስተምር አልፈቅድም የሚለው 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥12ም ተነሣ፤ ጠያቂው ሰው የራሱን ጥቅስ በአግባቡ የተነበበለት መሆኑን አየ። እስካሁን አልተስማማም። ቅዳሜ ግን አይቀርም።

ከሁሉ የሚከብደው ወረቀት የጥያቄ ምልክት እንኳ የለውም። «ታናሽ ወንድሜን ለምን ወሰደው» ይላል። ይህን ካሌንደር ላይ እንዳታወጡት። ጮክ ብላችሁም አታንብቡት። ማን እንደጻፈው በዝምታ ፈልጉና ቤቷ ሂዱ። «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» የምንለው የለቅሶ ቤት ቃል ለእኔ ጭካኔ ነው፤ ለሟች ወንድሟ ምክንያት ሆኖ የተሰጠበት ጥቅስም የለም። ሉቃስ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች ሲነሣ፣ ኢየሱስ ከሌላው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናገረ። ግንቡ ለምን እነሱ ላይ እንደወደቀ ግን አልተናገረም። እሱ ያልተናገረውን እኛ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለን መናገር የለብንም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። የተበላሸው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። 42፥7 ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ እንጂ በጠየቀው በኢዮብ ላይ አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ለልጅቷ ንገሯት፤ መጠየቋ ኃጢአት መስሏት ትሸማቀቃለችና። ከዚያ ቡና አፍሉ፣ ሰሃን እጠቡ፣ ሲመሽ ባጃጅ ይዛችሁ ተመለሱ።

ለማጥመድ ብቻ የሚጠይቅም አለ። አንዱን ስትመልሱ ሳይሰማ ሌላ ይወረውራል። አንድ ጥያቄ አስመርጡት፣ እሱን ጨርሱ። ካልፈለገ ሰላም ተባብላችሁ ተለያዩ።

ለዝግጅት ብዙ መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። የ1954ቱንና አዲሱን መደበኛ ትርጉም ጎን ለጎን ክፈቱ። ማጣቀሻ ያለው እትም ካገኛችሁ በጥቃቅን ፊደል የተጻፉትን አትለፏቸው። በተጨማሪ አንድ ደብተር ያዙ። ያልመለሳችሁትን ጥያቄ ቀን ጽፋችሁ አስገቡ፤ «አንብቤ እመለሳለሁ» ካላችሁ ተመለሱ። «እመለሳለሁ» ብሎ የሚጠፋ መሪን ልጆች ያውቁታል። የሚያቅታችሁን ሥነ መለኮት የተማረ መጋቢ ጠይቁ፣ የኔታም ካሉ እሳቸውን ጠይቁ። እኔ ፒያሳ አካባቢ አንድ መሪጌታ አሉኝ፤ ጥያቄዬን በጥያቄ ነው የሚመልሱት፣ ግን ሁልጊዜ የማላውቀው ቦታ ያስገልጡኛል።

በደብተሬ አሁን ያለው የስቅለቱ ሰዓት ነው። ማርቆስ 15፥25 ሲሰቀል ሦስት ሰዓት ነበረ ይላል። ዮሐንስ 19፥14 ላይ ግን ጲላጦስ ዘንድ ገና ቆሞ ሳለ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። የአይሁድ የቀን ሰዓት አቆጣጠር ከእኛው ጋር ስለሚገጥም ልዩነቱ ለሐበሻ አንባቢ ወዲያው ነው የሚታየው። ሰዓት በግምት በሚነገርበት ዘመን መቀራረባቸው ይበቃል የሚሉ አሉ። ዮሐንስ በሌላ አቆጣጠር ጽፎ ነው የሚሉም አሉ። የጥንት ገልባጭ ቁጥሩን አሳስቶ ይሆናል ያሉም አሉ። ሦስቱም ሁለተኛው ዓምድ ላይ ናቸው። ሦስተኛውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ የፊታችን ቅዳሜ ልጆቹ ይሙሉት።