ውሃ ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል? የመለካት ልምምድ ለተማሪዎች

የሳይንስ መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። አቃቂ ወይም ሱሉልታ ያለ ተማሪ ግን ቴርሞሜትሩን ድስት ውስጥ ሲነክር የሚያየው 93 ወይም 91 አካባቢ ነው። ከዚያ ወይ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ደብተሩ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ይብሳል። 100 የተባለው በባሕር ጠለል ላይ ላለው የአየር ግፊት ነው። ሰዎች ከፍ ወዳለ ቦታ በወጡ ቁጥር ከላያቸው ያለው አየር እያነሰ፣ ግፊቱም እየቀነሰ ስለሚሄድ ውሃው ያን ያህል ሳይግል መፍላት ይጀምራል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ ብታሰሉ ብዙ አትሳሳቱም። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ተራራ ላይ ሲወጣ ከ3,000 ያልፋል። በሁለቱ መካከል 3 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። በተማሪ ቴርሞሜትር ይህን ማየት ይቻላል፤ በጥንቃቄ ከተለካ ግን ነው።

መጀመሪያ ጥያቄው ይስተካከል። «ውሃ የት ቶሎ ይፈላል?» ብሎ መነሳት አያዋጣም፤ «ቶሎ» የሚለው በእሳቱ፣ በድስቱና በነፋሱ ይወሰናል። «የቦታው ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በስንት ዲግሪ ይቀንሳል?» ከተባለ ግን የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፍታው። ቴርሞሜትሩ፣ ድስቱና የውሃው መጠን እንዳሉ ይቆያሉ። ከመለካታችሁ በፊት ግምታችሁን በቁጥር ጻፉ፦ «አቃቂ 93፣ እንጦጦ 90»። በኋላ የተጻፈ ግምት ግምት አይባልም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ባለ አልኮል የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር (ቀይ ፈሳሽ ያለው)፣ ድስት፣ ሲባጎ፣ ማማሰያ፣ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ፣ ሰዓት፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ሆስፒታል ሰው የሚለካበትን ቴርሞሜትር አትንኩ። እሱ የሚያነበው እስከ 42 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል፤ ሜርኩሪ ያለው ከሆነ ደግሞ ቤቱን ይመርዛል። ከሰል ከተጠቀማችሁ ምድጃው ደጅ ይሁን፤ ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጋዝ ሳይሸት ይገድላል። ድስቱ አጠገብ አንድ አዋቂ ይቁም።

ቴርሞሜትሩን ከማመናችሁ በፊት ፈትኑት። በረዶ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዘነዘና ውቀጡና ብርጭቆ ሙሉት፤ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ጨው ጠብ አይበልበት፣ ሙቀቱን ከ0 በታች ያወርደዋል። ቴርሞሜትሩን ከትታችሁ ቀስ እያላችሁ እያማሰላችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ማንበብ ያለበት 0 ነው። 1 ካነበበ አትጣሉት፤ «በበረዶ 1 ያነባል» ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ርካሽ ቴርሞሜትሮች እንዲህ ናቸው። በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ስትፈልጉ ደግሞ ይህ ስሕተት በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚገባ ሲቀናነስ ይጠፋል። ሁለት ቡድን በሁለት የተለያየ ቴርሞሜትር ለክቶ ማወዳደር የማይመከረውም ለዚሁ ነው። የግድ ከሆነ ሁለቱን ቴርሞሜትሮች አስቀድማችሁ አንድ ድስት ውስጥ ክተቱና ልዩነታቸውን መዝግቡ።

ቀዩ ፈሳሽ መሐል ላይ ተቆርጦ ክፍተት ካለውም ተጠንቀቁ። የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ ስለሚቀር ከእውነተኛው በላይ ያነባል። ጨው በተነሰነሰበት በረዶ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ፈሳሹ ወደ ታች ተሰብስቦ ሊገጥም ይችላል። እሳት ላይ አትያዙት።

አሁን ወደ ድስቱ። 1 ሊትር ውሃ በሃይላንዱ ለክታችሁ ጨምሩ። ማማሰያውን በድስቱ አፍ ላይ አጋድሙና ቴርሞሜትሩን በሲባጎ አንጠልጥሉበት። የታችኛው ጫፉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ከድስቱ ወለል 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ወለሉን ከነካ የሚለካው ውሃውን ሳይሆን የጋለውን ብረት ነው። ድስቱን አትክደኑ።

በየ1 ደቂቃው አንብቡ። ዓይናችሁ ከቀዩ ፈሳሽ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን፤ ከላይ ቁልቁል ካያችሁ ከፍ ያለ ቁጥር፣ ከታች ሽቅብ ካያችሁ ዝቅ ያለ ታነባላችሁ። በእንፋሎት ምክንያት ካልታየ እንፋሎቱን አራግቡ እንጂ ቴርሞሜትሩን አውጥታችሁ አታንብቡ፤ በአንድ ትንፋሽ ጊዜ ውስጥ ብዙ ዲግሪ ይወርዳል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው «ፈላ» የሚለው ላይ ነው። ውሃው ገና ሳይግል በድስቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎች ውሃው ውስጥ የነበረ አየር ናቸው። ቀጥሎ ድስቱ ይጮኻል፤ ከወለሉ የተነሱት አረፋዎች ላይ ሳይደርሱ ይከስማሉ። ይህም ገና ነው። ፈላ የሚባለው ትልልቅ አረፋ ከታች እስከ ላይ እየተገለበጠ ሲንተከተክ፣ ቁጥሩም ቢያንስ ለ3 ተከታታይ ንባብ ሳይነቃነቅ ሲቀር ነው። ለምሳሌ 90፣ 91.5፣ 92፣ 92፣ 92። ከዚህ በኋላ ከሰል ብትጨምሩበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ቁጥሩ አይጨምርም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቢገባበትም ለውጡ ከአንድ ዲግሪ አሥረኛ ብዙ ስለማይርቅ ቴርሞሜትራችሁ አያየውም።

መስመሮቹ በ1 ዲግሪ ከተከፋፈሉ ግማሹን በዓይን መገመት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አይቻልም። 92.37 ብሎ የጻፈ ተማሪ ያላየውን ነው የጻፈው። ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው በአዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ለኩ። 92፣ 92.5 እና 92 ከወጣ ካልኩሌተር 92.1666667 ይላል፤ እናንተ 92.2 ብላችሁ «ግማሽ ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል» ብላችሁ አጠገቡ ጻፉ። ይህች ግማሽ ዲግሪ የት መሄድ እንዳለባችሁም ትነግራችኋለች። የከፍታ ልዩነታቸው 100 ሜትር የማይሞላ ሁለት ሰፈሮችን በዚህ ቴርሞሜትር መለየት አይቻልም፤ ታክሲ ተሳፍሮ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው።

ምዝገባው በእስክሪብቶ ይሁን። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ምክንያቱ አጠገቡ ይጻፋል፦ «ነፋስ እሳቱን አጠፋው»። ስላላማረ ብቻ ቁጥር አይሰረዝም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ወይስ ስልኩ በሚያሳየው እንደጻፋችሁ ከላይ ግለጹ፤ ካልሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ «3 ሰዓት» ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ይጠፋችኋል።

ቴርሞሜትሩን ወደ እንጦጦ ስትወስዱ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወፍራም ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ከፍታውን ከስልክ ጂፒኤስ ውሰዱ፤ ሰማይ በሚታይበት ደጅ ላይ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። 20 ሜትር ቢሳሳት አትጨነቁ፤ በፍላቱ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ አሥረኛ በታች ነው። ዳገቱ ላይ ነፋሱ እሳት ስለሚያዳክም ምድጃውን በድንጋይ ከልሉ። ንባቡ እየወጣ እየወረደ ከሆነ ውሃው በደንብ እየተንተከተከ አይደለም።

ሦስት ቦታ ከተለካ ግራፍ ይሠራል። ከፍታው በአግድም፣ ሙቀቱ በቁመት። የቁመቱን መስመር ከ0 ብትጀምሩ ሦስቱ ነጥቦች ተጣብቀው ልዩነቱ ስለሚጠፋ ከ88 ጀምሩና 96 ላይ ጨርሱ። መስመሩን በነጥቦቹ መሐል አሳልፉት እንጂ ነጥብ ከነጥብ አታገናኙ።

አቃቂ ላይ 97 ካነበባችሁ መጀመሪያ ጫፉ ወለል መንካቱን፣ ቀጥሎ ቀዩ ፈሳሽ መቆረጡን፣ ከዚያ የበረዶውን ፈተና እዩ። 88 ከሆነ ውሃው ገና አልፈላ ይሆናል፣ ወይም ቴርሞሜትሩ እምብዛም አልጠለቀም። ስትጨርሱ የጋለውን ቴርሞሜትር ቧንቧ ስር አታስገቡት፣ ይሰነጠቃል፤ እዚያው ድስቱ ውስጥ ከውሃው ጋር ይቀዝቅዝ።